ያገር ልጅ በሦስት ምስክር

ጥቅምት 4

ይድረስ ለወንድሜ፣

የአንተን ጤና፣ የባለቤትህን ጤናና የዚያን የማይሞት ሳልህን ደህንነት ከጠየቅሁ በኋላ ወደ ነገሬ እገባለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና አይደለም፤ እሱ ግን ከእኔ ተለይቶ በራሱ መኖር ከጀመረ ቆይቷል።

ለምን ስልክ አትደውዪም ብለህ ጠይቀኸኛል። በስልክ የሚባለውን ማን እንደሚሰማ ስለማውቅ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሰማ የኖርኩት እኔ ነኝ። የዚህን ፖስታ ዳር በክር የሰፋሁትም ለዚሁ ነው። ተፈትቶ ከደረሰህ ንገረኝ፤ ክሩ ቡናማ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄህ ማኅበር ውስጥ ገባሽ ወይ የሚል ነው። ከማን ሰማህ? እኔ አልነገርኩህም። ለማንኛውም ገብቻለሁ፤ ጸሐፊም ነኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው ስልክ ቤታችን፣ መሣሪያው ከተነቀለ ወዲህ ንባብ ቤት መሆኑን ታውቃለህ። እኔ እቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን የመጻሕፍት መደርደሪያ ቆሟል። ሽቦ ይገባበት የነበረው የግድግዳ ቀዳዳ እንዳለ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ ያፏጫል። ጠዋት ጡረተኞች ጋዜጣ ዘርግተው ያንቀላፋሉ፣ ከሰዓት ተማሪዎች ይሞሉታል። አሁን ማዘጋጃ ቤቱ፣ እስከ ታኅሣሥ ሠላሳ ቤቱን የሚረከብ በሕግ የተመዘገበ አካል ካልቀረበ የጎማ መጋዘን አደርገዋለሁ አለ። ስለዚህ አሥራ አንድ ሰዎች ተሰብስበን አካል ሆንን። ሕጉ ከአሥራ አንድ በታች አካል አይልም።

ቀላል እንዳይመስልህ። እዚህ ከተማ ሰው በገዛ ፈቃዱ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰበሰበው የጭነት መኪና ድልድዩ ላይ የተገለበጠ ዕለት ነበር። ማንም ማንንም ስለማያምን ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አሥራ አንዳችንም እንይዛለን። አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል፤ ፈተና ክፍል ነው የሚመስለው። ሲያበቃ አሥራ አንዱም ይነበባል፣ ያልተስማማው ይስማማል፣ ለማስማማቱም ሌላ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ዳቦ ቤት ያላት ጎረቤቴ፣ “መጽሐፍ ቢጠፋ እንኳ የሚነበብ አናጣም” ትላለች።

የማይጽፍ አንድ ሰው አለ፤ መነፅር ጠጋኙ። እዚህ ከመጣ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አባል ለመሆን ማመልከቻ አስገብቷል። በየስብሰባው በሩ አጠገብ ይቀመጥና እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። የማይጽፍ ሰው ማስታወስ የለመደ ሰው ነው። ማን አስለመደው? አንተ ያለኸው ማኅበራት የሚመዘገቡበት መሥሪያ ቤት ነውና፣ ስለዚህ ሰው የተያዘ ነገር ካለ እስቲ አገላብጥልኝ።

እስከዚያው አንቀጽ ሦስትን እኔው ራሴ አርቅቄያለሁ። “አባል መሆን የሚችለው ያገር ልጅ ብቻ ነው። ያገር ልጅ ማለት እዚሁ ለመወለዱ ሦስት ያገር ልጆች በፊርማቸው የመሰከሩለት ሰው ነው።” በጭብጨባ አለፈ። ሰብሳቢያችን፣ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ “እንዲህ የጠበቀ አንቀጽ በሥራ ዘመኔ አላየሁም” ብሎ አመሰገነኝ። ሲያመሰግነኝ ትንሽ አበዛው።

እህትህ

ጥቅምት 13

እትዬ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች። ሳሌም ሰላም ይልሻል።

ስፌቱ ሳይፈታ ደርሶኛል። ነገር ግን የተሰፋ ፖስታ ሰው አያየውም ብለሽ ከሆነ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ሽማግሌው ተላላኪያችን “ይሄ ደብዳቤ ነው ትራስ?” እያለ ሁለት ፎቅ አዙሮታል። እባክሽ በሚቀጥለው በሙጫ ይሁን።

ማኅበሩን ከማን ሰማህ ላልሽው፣ ማመልከቻችሁ ያለው ከእኔ ሁለት ጠረጴዛ አልፎ ነው። ስለ መነፅር ጠጋኙ የጠየቅሽኝን አላደርገውም። አልችልም ማለቴ ሳይሆን አላደርገውም ማለቴ ነው። ይህን ለአንቺ ስጽፍ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። አንቀጽ ሦስትን ቀይሪው። “ያገር ልጅ” የሚለውን አውጪና “የከተማው ነዋሪ” በዪ። አሁን ከሆነ አንድ ገጽ መቀየር ብቻ ነው፤ ፋይሉ ከተከፈተ በኋላ ግን አዲስ ማመልከቻ ይጠይቃል። ለምን ትለኛለህ አትበዪኝ። ባልነግርሽ የሚሻልሽ ነገር ነው። እትዬ ሙች፣ ለማንም ብዬ አይደለም።

ለመቆጣት ከመነሳትሽ በፊት ይቅርታ።

ታናሽ ወንድምሽ

ጥቅምት 27

ወንድሜ፣

ሰላምታውን ለሚቀጥለው ደብዳቤ አቆይቼዋለሁ።

ማን ነው ይህን የሚያስጽፍህ? አንተ በራስህ “አላደርገውም” ብለህ የማታውቅ ሰው ነህ። ጫማ ሲጠብህ እንኳ ለባለ ሱቁ “ልክ ነው” ብለህ ገዝተህ ለሦስት ወር ያነከስክ ልጅ ነህ። አሁን አላደርገውም ትለኛለህ፣ ደግሞም አንቀጼን ቀይሪ ትለኛለህ። እዚያ ያሉት ሰዎች ምን ብለው ያዙህ? ማስፈራራት ከሆነ አንድ መስመር ብቻ ዝለልና ጻፍልኝ፤ ይገባኛል። አንቀጹ ግን አይቀየርም።

እዚህ ድረስ ትናንት ጽፌ ነበር። ዛሬ ከመሥሪያ ቤታችሁ ደብዳቤ ደረሰን። ስም የሌለው ተቃውሞ ቀርቦብናል፤ ግልባጩም ተያይዟል። እንዲህ ይላል፦

“ለተከበረው መሥሪያ ቤት። በቅድሚያ የሠራተኞቹን ጤንነት በአክብሮት እየጠየቅሁ፣ የሥራ ጊዜያችሁን ስለምሻማ ይቅርታ እለምናለሁ። የንባብ ቤቱ ማኅበር በጎ ዓላማ ያለው ነው። ሆኖም ከመሥራቾቹ መካከል ራሳቸው አንቀጽ ሦስትን የማያሟሉ ስላሉ፣ ማንም ሳይነካ አንቀጹ ብቻ እንዲሰረዝ በትሕትና አመለክታለሁ።”

መሥሪያ ቤታችሁ አንቀጹን አልሰረዘም። ፋይሉን ከፈተና፣ እያንዳንዱ መሥራች እስከ ታኅሣሥ አሥር ሦስት ሦስት ምስክር እንዲያቀርብ አዘዘ። አንድ ሰው ከጎደለ አሥር እንቀራለን፤ አሥር ደግሞ አካል አይደለም። ንባብ ቤቱ ጎማ ሊሆን ነው።

ሰብሳቢው አንብቦ ሲጨርስ አንገት ሁሉ ወደ በሩ ዞረ።

ከአባሎቻችን ፎቶ አንሺው ቀደመ። “እኔ ድሮም ብያለሁ። ብያለሁ ወይስ አላልኩም?”

“መቼ ነው ያልከው?” አለችው ዳቦ ጋጋሪዋ።

“በልቤ።”

“እሱ ቃለ ጉባኤ ላይ የለም።”

ሰብሳቢው መነፅር ጠጋኙን ከእንግዲህ እንዳይመጣ ነገረው። በትሕትና ነው የነገረው፤ አቤቱታ ሲመልስ የኖረ ሰው ስለሆነ ያውቅበታል። ሰውዬው ሊሰጠው ያመጣውን የሰብሳቢውን መነፅር ከኪሱ አወጣ፣ በመሐረብ ወለወለው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና “ደህና ዋሉ” ብሎ ወጣ። አሥራ አንዳችንም “ደህና ዋሉ አለ” ብለን ጻፍን።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

እህትህ

ኅዳር 6

እትዬ፣

አጭር ስለሆነ ይቅርታ።

መነፅር ጠጋኙን ተዉት። እሱ አልጻፈውም። እንዴት እንዳወቅሁ ግን አትጠይቂኝ። መስመር አልዘለልኩም፤ የሚያስፈራራኝ የለም። ብትጸልዪልኝ ግን አልጠላም።

ወንድምሽ

ኅዳር 15

ወንድሜ፣

አልጠይቅህም። የሚከስበትን መሥሪያ ቤት ጤናህ እንዴት ነው ብሎ የሚጀምር ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ አውቃለሁ። ስምንት ዓመትህ ሳለ የጎረቤት መስኮት በድንጋይ ሰብረህ፣ በር አንኳኩተህ ገብተህ፣ “እንደምን ዋላችሁ? ልጆቹ ደህና ናቸው?” ብለህ ነው የተናዘዝከው። ሳነበው ወዲያው ነው ያወቅሁህ። ሌሎቹ ወደ በሩ ሲያዩ እኔም አብሬ ወደ በሩ አየሁ። ይህን ጻፍልኝ፤ ቃለ ጉባኤ ላይ የለም።

ማንንም ሳትጠራ አንቀጹን ልታስወጣ ነበር። መሥሪያ ቤትህ ግን አንድ አንቀጽ ከመሰረዝ አሥራ አንድ ሰው መመርመር ቀለለው። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ተቀምጠህ ይህን አለማወቅህ ነው የሚገርመኝ።

አሁን ቁጭ በል። ተቀምጠህ ከሆነ ተነስና በሩን ዝጋ። አንተ ልትደብቅልኝ የደከምክበትን ነገር አውቀዋለሁ። እዚህ አልተወለድኩም።

አምስት ዓመቴ ነበር። የመጣነው በጭነት መኪና ነው፣ ከጆንያ በላይ ተቀምጠን። የወለደኝ አባቴ ሞቶ ነበር። እማማ አባትህን ያገባችው በዓመቱ ነው፤ አንተ በሁለተኛው መጣህ። አባባ ልጄ አለኝ፣ ስሙንም ሰጠኝ፤ ከዚያ በኋላ የጠየቀም አልነበረም። አነጋገሬን ግን የሰፈሩ ልጆች ይስቁበት ነበር። ስቀው ስቀው አስጣሉኝ። የቀረችውን ስልክ ቤቱ ጨረሰልኝ፤ ቀኑን ሙሉ “ቁጥር ይንገሩኝ፣ ይጠብቁ፣ መስመሩ ተይዟል” የሚል ሰው የየት አገር ሰው እንደሆነ አይታወቅም። የሌላውን ግን እኔ ሁለት ቃል ሲናገር እለይ ነበር። የራሱን ያጣ ጆሮ የሰው ይይዛል መሰለኝ።

መነፅር ጠጋኙ በመጣ ሰሞን የንባብ መነፅሬን ይዤለት ሄድኩ። እሱ በዚያ በእኛ አገር አነጋገር ሰላም አለኝ። ሳላስበው በዚያው መለስኩለት። አርባ ዓመት ያልወጣ ድምፅ ከአፌ ወጣ። ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ለማንም፣ ምንም አላለም። እንደዚህ የሚያስፈራ ነገር ታውቃለህ?

ሰላይ መስሎኝ አይደለም። ሰላይ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አንቀጽ ሦስትን የጻፍኩት ጠያቂውን ማንም አይጠይቅም ብዬ ነው። በር ላይ ቆሞ መታወቂያ የሚያየው ሰውዬ የራሱን መታወቂያ ሲጠየቅ አይተህ ታውቃለህ?

ሐሙስ ስብሰባ አለን። ተነስቼ እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ በዚህ ከተማ ምን እንደምባል አላውቅም፤ ሌላ የምሄድበት ከተማ ደግሞ የለኝም።

እህትህ

ኅዳር 23

እትዬ ዓለሜ፣

ደብዳቤሽን መጸዳጃ ቤት ገብቼ አነበብኩት። በር ዝጋ ብለሽኛል፤ በሕንፃው ውስጥ የሚዘጋ በር ያለው እሱ ብቻ ነው።

ከማን ሰማህ የሚለው በመስመሮቹ መካከል አለና ልመልስልሽ። እማማ ነች። ሁለት ቀን ሲቀራት ጠርታ፣ “እህትህ አታውቅም። እንዳትነግራት፤ ትሰበራለች” አለችኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ጠበቅሁት። አንቺ ስታውቂ፣ እሷ አታውቅም ስትል፣ እኔ እንዳታውቂ ስጠነቀቅ፣ አንዱን ነገር በሦስት በኩል ይዘን ኖርን ማለት ነው። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሳሉ፣ ከዚያ ሌላው። ውጭ የቆመ ሰው በሩን አንኳኩቶ “ደህና ነህ ወይ?” አለኝ።

ለክፍል ኃላፊዬ ተቃውሞውን የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ነገርኩት። “ለምን?” አለኝ። “እህቴን ላድናት ብዬ” አልኩት። መዝገቡን አየ፣ እኔን አየ። “አንተ የማትወዳትን ምን ልታደርጋት ነው?” አለኝ። ለጊዜው ምድር ቤት ወርጄ የድሮ ፋይል አቧራ እንዳራግፍ ተወስኗል። ለደረቴ እንደማይበጅ ሳስረዳው “ይቅርታ” አለኝ፤ በመሥሪያ ቤታችን ይቅርታ ስባል የመጀመሪያዬ ነው።

ትእዛዙ ግን አልተነሳም። ሦስት ምስክር የግድ ነው።

እትዬ፣ ሐሙስ አትናገሪ ልልሽ ነበር። ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ ግን ሐሙስ አልፏል። እዚያ ማን አለሽ? ከተናገርሽ በኋላ ወደ ቤት ማን ሸኘሽ? ይህን ብቻ ቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 19

ወንድሜ፣

እንደምን አለህ? እውነቴን ነው የምጠይቅህ፤ ከምድር ቤቱ ወጣህ? ደረትህን በሻርፕ ጠቅልል። ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ። ይህን ቃል ከአንተ ነው የተማርኩት።

የሸኘኝ ሰብሳቢው ነው። እስከ በሬ ድረስ፣ ከዚያም “ጸሐፊ፣ ደህና ደሪ” ብሎ።

ተናገርኩ። ሁሉንም፣ ጆንያዎቹንም ጭምር። የፈራሁት ጩኸት ነበር። አልመጣም። ማንም አልጻፈም። አሥር ብዕር ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

“ታዲያ ምን ይሁን?” አለች በመጨረሻ ዳቦ ጋጋሪዋ።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። “ከመኪናው ስትወርዱ አይቻለሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር። እናትሽ የብረት ድስት ይዛ ነበር፤ እሱን ለማንም አላቀብልም ብላ አንቺን ለሾፌሩ ሰጠችው።”

“ሃምሳ ስድስት ዓመት እንዴት ዝም አልክ?”

“አልጠየቅሽኝማ” አለ።

ጠረጴዛውን ዞር ብዬ አየሁት። ከዳቦ ጋጋሪዋና ከፎቶ አንሺው በቀር ሰባቱ ዓይናቸውን ሰበሩ። እነሱም ያውቁ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ እኔ እነሱን ስጠረጥር እነሱ እኔን ሲሸከሙ ኖረዋል። ይህ ያጽናናኝ ወይስ ያናድደኝ እስካሁን አልወሰንኩም።

እንግዲያው አንቀጽ ሦስት ይሰረዝ አልኩ። ሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀ፤ መሥሪያ ቤታችሁ ፋይሉን ከከፈተ ወዲህ አንቀጽ መቀየር አዲስ ማመልከቻ ነው፤ አዲስ ማመልከቻ ሁለት ወር ነው፤ እኛ ያለን ሦስት ሳምንት ነው። ከዚያ ሰውዬው፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስምል የኖረው ሰው፣ የምስክር ቅጹን ሳበና በጥሩ ጽሕፈቱ “እዚሁ ስትወለድ አውቃለሁ” ብሎ ፈረመ። ዳቦ ጋጋሪዋ ተከተለች፤ እሷ የተወለደችው ከእኔ አሥር ዓመት በኋላ ነው። ሦስተኛው ፎቶ አንሺው ነው። አሥራ አንዱ ቃለ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዓይነት ሆነ፦ “የመሥራቾች ማንነት በምስክር ተረጋግጧል።”

“መነፅር ጠጋኙስ?” አልኩ።

“እሱ ሌላ ነው” አለ ፎቶ አንሺው።

“በምን?”

“በቃ ሌላ ነው። ይታወቃል።”

በምን እንደሚታወቅ ጠበቅሁ። ቀጣዩ አጀንዳ ተነበበ።

የምዝገባው ወረቀት ባለፈው ሳምንት መጣ። የንባብ ቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። እኔም በመንግሥት ማኅተም ያገር ልጅ ነኝ። አንቀጼን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ያገር ልጅ የሆነ ሰው ለሌላው መመስከር ይችላል ይላል። እኔው ነኝ የጻፍኩት።

ለዳቦ ጋጋሪዋ ነገርኳት፤ እጇን ከሊጥ ጠርጋ ፈረመች። ሰብሳቢው ሁለት ቀን ካሰበበት በኋላ፣ “ውሸቱ እኮ ከአንቺው ጋር ተጀምሯል፤ አሁን ብናቆም አድሎ ነው” ብሎ ፈረመ። ሦስተኛ እኔ። በሐሰት መሰከርኩ፣ ወንድሜ። ለመሥሪያ ቤትህ ብትናገር ይቅርታ አደርግልሃለሁ፤ አንተ ደግሞ ጤናቸውን ጠይቀህ ነው የምትናገረው።

ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ጠባብ ሱቅ ነው፤ ሰዎች ሳይወስዷቸው የቀሩ መነፅሮች ግድግዳው ላይ ተሰቅለው ይመለከቱሃል። በዚያ አነጋገር ሰላም አልኩት፤ አሁን አስቤበት ነው። እሱም በዚያው መለሰልኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ያቋረጥነውን እንደ መቀጠል።

ከበር እንዲመለስ ያደረገው የእኔ አንቀጽ መሆኑን ነገርኩት። “አውቃለሁ” አለ። ያን ቀን ሌሎቹ ሲያዩት እኔም እንዳየሁት ነገርኩት። “እሱንም አይቻለሁ” አለ። ይቅርታ አልኩት፤ ወንበር ሳበልኝ። ወረቀቱን ተቀብሎ ከብርሃኑ ጋር አመቻችቶ ቀስ ብሎ አነበበው።

“እዚህ ነው የተወለድኩት?”

“ከእኛ ቤት ፊት ለፊት” አልኩት።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እምቢ የሚል መሰለኝ፤ እምቢ ቢልም አልፈርድበትም ነበር።

“ቤቱ ፀሐይ ያገኛል?”

“ጠዋት ጠዋት። ከደጃፉ ዝቅ ያለ የድንጋይ ደረጃ አለው፣ ሦስተኛው የተሰነጠቀ። በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው።”

እንዲህ ያለ ቤት በዚህ ከተማ የለም፤ አንተም ታውቃለህ። አምስት ዓመት እስኪሞላኝ ከደጃችን ቆሜ ሳየው የኖርኩት ቤት ነው፣ እዚያ በተወለድኩበት። የምሰጠው ሌላ ቤት አልነበረኝም።

“ጥሩ ቤት ነው” አለና ብዕሩን ተቀበለኝ።

እህትህ